ምዕራፍ ሦስት፦ ከማን ሰማኸው?

ከጉና ተራራ ሥር በላይ ጋይንት ደጋ፣ የክረምቱ ጉም ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ ውሎ ሲመሽም ብርዱ በር ሲደፍር፣ ልጆች የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው ይዘው ምድጃውን ይከቡና አያታቸው እሳቱን ቆስቁሰው «ተረት ተረት» እስኪሉ ይጠብቃሉ። እርሳቸው «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ በአንድ አፍ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ጅብ ከአህያ ጋር ይማከራል፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ትፈርዳለች፣ አንበሳ ታሞ ይጠየቃል፤ ከልጆቹም መካከል «ጅብ በምን አፉ ተናገረ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ስንኳ አይገኝም። ተረቱም ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ በረቱ ይዘጋል። በነጋታው ግን ከቤቱ ጐልማሶች አንዱ ከገበያ ተመልሶ «በማዶ አገር እገሌ ሞተ አሉ» ያለ እንደ ሆነ፣ ማታ ጅብን ሲያናግሩ ያመሹት እኒያው አሮጊት ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ከማን ሰማኸው? የነገረህስ ሰው ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ከሟቹ ቤት ጋር ጠብ አለው ወይስ ዝምድና?» ብለው ሦስት ጥያቄ ያከታትላሉ።

ሰው የሚነገረውን ሁሉ እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛውን አምኖ የትኛውን እንደሚጥል ለማወቅ የሚሻ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች የተሻለ መነሻ አያገኝም፤ ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ጥያቄዎቹን ይዘን ከጉና ደጋ እስከ በሽሎ ቆላ በተዘረጋው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር እየተመላለስን፣ በትምህርት ቤቱ፣ በሸንጎው፣ በቤተ መንግሥቱና በጦር ሜዳው ምን ያህል እንደሚሠሩ፣ የትስ ላይ እንደሚጎድሉ እንመረምራለን።

የነገር ዓይነትና የእምነት ልክ

በከተማ ያደገና ከመጽሐፍ የተማረ ሰው የገጠሩን ሕዝብ ብዙ ጊዜ የነገሩትን ሁሉ የሚቀበል የዋህ አድርጎ ይቈጥረዋል። ቀርቦ ያስተዋለ ሰው ግን ሕዝቡ ለእያንዳንዱ የአነጋገር ዓይነት ልዩ ስም፣ ለእያንዳንዱም ስም ልዩ የእምነት ልክ እንዳበጀለት ያያል። ተረት ለምክር የሚነገር ስለ ሆነ እውነቱ የሚፈለገው በፍጻሜው ትምህርት ነው፤ ወግ ለጨዋታ የሚቀርብ ስለ ሆነ ተናጋሪው ጥቂት ቢያሳምረው ማንም አይከሰውም፤ ገድልና ድርሳን በቤተ ክርስቲያን በምስጋናና በጸሎት መካከል የሚነበቡ ስለ ሆኑ ሰሚው በፈሪሃ እግዚአብሔር ቆሞ ይሰማቸዋል፤ ወሬ መንገደኛ ይዞት የሚመጣ ስለ ሆነ እንደ መንገደኛው ራሱ ማደሪያ ይሰጠዋል እንጂ ወዲያው ቤተኛ አይደረግም፤ ምስክርነት ግን በመሐላ የሚታሰር ስለ ሆነ ሐሰት ቢገኝበት ተናጋሪውን በምድርም በሰማይም ያስጠይቀዋል።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ጥንቃቄ መሣሪያ አዘጋጅቷል። አማርኛ ተናጋሪ ያላየውን ነገር ሲናገር በዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ «አሉ» የምትል አንዲት አጭር ቃል ያኖራል፤ «ዝናብ ጣለ» ያለ ሰው ስለ ዝናቡ ኃላፊ ሲሆን፣ «ዝናብ ጣለ አሉ» ያለ ግን ኃላፊነቱን ወደ ነገሩት ሰዎች መልሷል። ያየ ሰው ደግሞ «በዓይኔ በብረቱ» ብሎ ነገሩን ያጸናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የዋለ፣ ባለቤት የሌለው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «አሉ» የሚለውን እንኳ እየጣለ የሚሄድ ነገር አሉባልታ ይባላል፤ ክፋቱም ከሐሰትነቱ ይልቅ የመጣበትን መንገድ በመደበቁ ላይ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለውም የአባቶች ምክር የወጣው ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ከዚህም ሌላ «አመነ» የሚለው ግሥ ሁለት ትርጕም እንዳለው ልብ እንበል። ሰው የሰማውን ቃል እውነት ነው ብሎ ሲቀበል «አመነ» እንላለን፤ ተከሳሽ በዳኛ ፊት በደሉን ሲገልጥም «አመነ» እንላለን። ከሁለተኛው ፍቺ የምንማረው፣ ማመን በልብ ብቻ የሚያልቅ ነገር አለመሆኑን፣ ዕዳ የሚያስከትልና የሚያስጠይቅ ሥራ መሆኑን ነው።

ቤተልሔም

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ከማን ሰማኸው?» የሚለው፣ ከሌላው ስፍራ ሁሉ በላይ የከበረበት ቦታ በዚሁ በጋይንት ይገኛል። ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ድጓ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት በሙሉ የሚያካልል የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ በየትኛውም አገር የተማረ ደቀ መዝሙር በድጓ መምህርነት ሊጸና የሚፈልግ ከሆነ የጋይንቷን የቤተልሔምን ደጅ ጠንቶ ማስመስከር ይገባዋል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚማር ደግሞ በዚያው በጋይንት ወደ ዙር አምባ ይወጣል፤ ያሬድ ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር መጥቶ በዚህ አምባ ላይ እንዳስተማረ የደብሩ ትውፊት ይናገራል።

«ማስመስከር» የሚለውን ቃል አለፍ ብለን አንሂድ። ደቀ መዝሙሩ ለዓመታት የለፋበትን ዜማ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ መምህሩም ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ጭረቱንና ቅናቱን አንድ በአንድ እየተከተለ፣ ግዕዙ ከዕዝል፣ ዕዝሉም ከአራራይ እንዳይደባለቅ እየጠበቀ ያርመዋል። ፈተናው ሲፈጸም የተማሪው ቃል ከመምህሩ ቃል፣ የመምህሩም ቃል እርሱን ካስተማረው መምህር ቃል ጋር አንድ መሆኑ ይመሰከራል። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ፤ ምልክቱ በብራና ላይ ከተጻፈ በኋላም ግን መጽሐፉ ብቻውን በቂ ነው ያለ መምህር የለም፤ ብራናውን ሕያው ድምፅ፣ ሕያዉንም ድምፅ ብራናው እንዲጠብቀው ተደርጎ ሥርዓቱ ቆሟል።

የዚህን ሥርዓት ጥቅም ለመረዳት ጠባቂ የሌለው ቃል ምን እንደሚሆን መመልከት ያሻል። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፣ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተገኘ አንድ ትረካ በካምብሪጅ ለነበሩ ሰዎች ሰጥቶ ካነበቡት በኋላ በየጊዜው እንዲደግሙት ቢያደርግ፣ ትረካው በተደገመ ቍጥር እያጠረ ሄደ፤ ለእነርሱ እንግዳ የሆነው ነገር ወደቀ፣ የማያውቁት ዓይነት ታንኳ የሚያውቁት ጀልባ ሆነ፣ ምክንያቱ ያልተገለጠውም ድርጊት ከራሳቸው ልማድ ምክንያት ተሰጠው። ከእነርሱ አንዱ እንኳ ልዋሽ ብሎ አልተነሣም፤ የሰው ልብ የተቀበለውን ነገር በራሱ ቤት ልክ ቆርጦ የሚሰፋ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ቤተልሔም የቆመችው ይህን የልብ ጠባይ ለመግታት ነው።

ሆኖም ሊቃውንቱ አዲስ ነገር መናገርን ጠልተው አይደለም። ከጋይንት በስተ ምሥራቅ ባለው በዋድላ ስሙ በገነነው የቅኔ ትምህርት፣ ተማሪው በየቀኑ ከራሱ ልብ ያፈለቀውን አዲስ ቅኔ ያቀርባል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ሰው በማኅበሩ መካከል ያፍራል። ስለዚህ ድጓውን አንዲት ምልክት ሳይለውጥ የሚጠብቀው፣ ቅኔውን ደግሞ የትናንቱን ሳይደግም የሚዘርፈው ያው አንድ ሊቅ ነው፤ የትኛው ቃል መጠበቅ፣ የትኛውስ መታደስ እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ከትምህርቱ ሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው።

በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓኬናም የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ወደ ቤተልሔም መጥቶ፣ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ከሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ተሸፍኖ እንዳለ አይቶ ለውጭው ዓለም ጻፈ። ለባሕር ማዶ አንባቢ ይህ እንደ አዲስ ግኝት ተቈጠረ፤ ለጋይንት ካህን ግን ዕለት ዕለት የሚያጥንበት መቅደስ ነበር። በአፍ የሚነገርን ታሪክ በዚህ ሕንፃ መስለን ብናየው አንሳሳትም፤ የሣሩ ክዳን በየዘመኑ ይታደሳል፣ ከውስጥ ያለው ድንጋይ ግን የቆየ ነው፤ ሣሩን ብቻ አይቶ «የትናንት ነው» ያለም፣ ድንጋዩን አይቶ ሣሩንም ጥንታዊ ያደረገም ሁለቱም ተሳስተዋል።

ሸንጎ

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለት «አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?» እና «ጠብ አለው ወይስ ዝምድና?» የሚሉት፣ ዋና ስፍራቸው ሸንጎ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ሕዝብ፣ ባላጋራዎች በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ አስቀምጠው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ የንግግር ውበትን እንደሚያደንቅ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አደናቂው ሸንጎ የተናጋሪውን አንደበት ከምስክሩ ቃል ጋር አያምታታም። አንደበተ ርቱዕ ሰው ጭብጨባውን ያገኛል፤ ፍርዱን የሚያስገኘው ግን ምስክር ነው፤ ምስክሩም ከመማሉ በፊት ተቃራኒው ወገን «ይህ ሰው ወገኑ ነው» ወይም «ደመኛዬ ነው» ብሎ ሊነቅፈው ይችላል። በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዳይፈረድ የሚያዘውም የኦሪት ሕግ በፍትሐ ነገሥት አማካይነት የአገሩ ዳኝነት ልማድ ሆኖ ኖሯል።

ወንጀለኛው ያልታወቀ ሌብነት ወይም ግድያ በደረሰ ጊዜ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ የቀረውም ተቀጥቶ፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንዲያወጣ በመሐላ ይጠየቃል፤ በግልጥ ለመናገር የሚፈራም ሰው ለተመረጡት ሽማግሎች ብቻ በስውር ይነግራል፤ ይህ ስሙ የማይገለጥ ተናጋሪ «ወፍ» ይባል ነበር። እዚህ ላይ ሸንጎው ከባድ ፈተና ውስጥ ይገባል፤ ምክንያቱም የወፏን ስም የደበቀ ሥርዓት ድኃው ባለጠጋውን ሳይፈራ እውነቱን እንዲናገር በር ሲከፍት፣ ቂመኛውም ቂሙን እንዲወጣ ያንኑ በር ይከፍትለታል። ስለዚህ ሕዝቡ የማያየውን ተናጋሪ በሚያየው ሽማግሌ ተክቶ፣ ቃሉን የተቀበሉት ሽማግሎች ወፏ ማን እንደ ሆነች እንዲያውቁ፣ ጠቧንና ዝምድናዋንም እንዲመዝኑ አደራ ጣለባቸው። የተናጋሪው ስም ለሕዝብ ቢሰወርም ለአንድ ታማኝ ሰው መገለጥ ነበረበት።

ንጉሡና ሦስቱ ነገሮች

እስካሁን የተናጋሪውን ማንነት ስንመረምር ቆየን፤ የሰሚው ልብ ምን እንደሚሠራ ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ያስተምረናል። በዘመነ መሳፍንት፣ አገሩ በጦርነትና በዘረፋ በደከመበት ጊዜ፣ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ እንደሚያመጣ የሚናገረው ትንቢት ከሕዝቡ አፍ አይጠፋም ነበር። ካሣ ኃይሉ ግን የተነሣው ከቋራ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ነው። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲቀባ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም ሲይዝ፣ አቅጣጫውን አንሥቶ የተሟገተ ብዙ አልተሰማም፤ ሕዝቡ ሰላም ከመናፈቁ የተነሣ ምዕራቡን ምሥራቅ ለማድረግ ልቡ ተዘጋጅቶ ነበርና።

በዚያው ዘመን ጠላቶቹ ሌላ ነገር ያወሩ ነበር፤ እናቱ በድኅነት ምክንያት ኮሶ ትሸጥ ነበር በማለት «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉት ነበር። እንደሚተረከው ደጃዝማች ወንድይራድ ይህን ስድብ ተናግረው ሊይዙት ቢዘምቱ፣ ካሣ ድል አድርጎ ኮሶውን አጠጣቸው። ከነገሠ በኋላ ደግሞ የዘር ሐረጉ ከዳዊትና ከሰሎሞን እንደሚመዘዝ የሚናገረው ሦስተኛው ነገር ጐላ። በአንድ ሰው ላይ ከመጽሐፍ ትንቢት፣ ከገበያ ስድብ፣ ከቤተ መንግሥት የትውልድ ሐረግ ተነገረ፤ አድማጩም እንደ ወገኑ አንዱን አንሥቶ ሁለቱን ጣለ። ጎርደን አልፖርትና ሊዮ ፖስትማን የተባሉ አሜሪካውያን በ1947 እ.ኤ.አ. ስለ ወሬ በጻፉት መጽሐፍ፣ የወሬ ኃይል ነገሩ ለሰሚዎቹ ያለው ክብደት በነገሩ አለመገለጥ ተባዝቶ የሚገኝ ነው ብለዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ወሬው ይሞታል። በዘመነ መሳፍንት ግን ሁለቱም ሞልተው የተረፉ ነበሩ።

ወሬ ግን የሚጨበጥ ነገር ሲገጥመው መልኩን ይለውጣል። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት ያስፈሰሱትንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ፣ በጋይንት ደጋ በጨጨሆ በኩል፣ ራሳቸውም ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ እያበጁ፣ ስድስት ወር ያህል ተጉዘው መቅደላ ደረሱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.ም በዚያ አምባ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጅ አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው አለፉ። ትንቢቱንም ስድቡንም የሚያምነው እንደ ወገኑ ሲከራከር፣ ስለ መድፉ ግን የሚከራከር የለም፤ እስከ ዛሬ በመቅደላ ላይ አለና። «በዓይኔ በብረቱ» ማለት እዚህ ላይ ፍጹም ትርጕሙን ያገኛል።

ከሰማይ የወረደ ወረቀት

በ1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ የነበሩት፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅና የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የበሰሉ ሰው ሲሆኑ፣ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦራቸውን ይዘው ተነሡ። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የማዕከላዊውን መንግሥት ጦር እየመሩ ሊገጥሟቸው ሲመጡ፣ ከውጊያው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ወደ አገሩ ከገባ ገና ዓመት ያልሞላው አውሮፕላን በበጌምድር ጦር ላይ አንዣብቦ ወረቀት በተነ፤ ወረቀቱም ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን የሚናገር የጳጳሳት ቃለ ግዝት ነበረበት። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ በተደረገው ጦርነት አውሮፕላኑ ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ዕለት ወደቁ።

አያቲቱ የጠየቁትን ለዚህ ወረቀት እናቅርብለት። ከማን ሰማኸው ቢባል ወረቀቱ ከጳጳሳት ነው ይላል፤ ነገር ግን እጃቸው ሲጽፍ ያየ በሜዳው ላይ የለም። ጠብ አለው ወይስ ዝምድና ቢባል፣ የጣለው የተቃራኒው ወገን አውሮፕላን ነው። ማንበብ የማይችለው ወታደር ወረቀቱን አንሥቶ ቢያገላብጠው አይመልስለትም፤ ቄሱ ወይም ደብተራው ያነበበለት እንደ ሆነ ግን ቃሉ አፍ አገኘ፤ ወረቀቱ ከሰማይ ቢወርድም ድምፁ የሚወጣው ከሚያውቀው ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ያን ዕለት ወረቀቱ የሚዳኘው በአንባቢው ታማኝነት ነበር፤ የሩቁን ቃል ሁሉ በቅርቡ ሰው አንጻር መመዘን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የየዘመኑ ዕጣ ሆኗል።

ከጦርነቱ በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዐረፉ። ሕዝቡም የራስ ጉግሣን ሞት ሰምተው በድንጋጤ ሞቱ ብሎ አወራ፤ ንግሥቲቱ ግን አስቀድሞም ታመው በዐቢይ ጾም ላይ የነበሩ ናቸው። ሁለት ነገር ተከታትሎ በሆነ ጊዜ አንደኛውን ለሁለተኛው ምክንያት ማድረግ የተረት አንዱ ሙያ ነው፤ ልብን የሚነካ ፍጻሜ ስለሚሰጥም ከሐኪም ቃል ይልቅ ሰውን ይማርካል።

ሰማዕት

ዛሬ በነፋስ መውጫም፣ በወገዳም፣ በመካነ ኢየሱስም ጐልማሳው ከገበያ እስኪመለስ የሚጠብቅ የለም፤ ወሬ በእጅ በሚያዝ ስልክ ውስጥ በድምፅና በሥዕል ይመጣል፤ «አሉ» የምትለዋን ቃል ጥሎ፣ እያንዳንዱን «በዓይኔ በብረቱ» አስመስሎ ያቀርባል። ተረቱ «ተረት ተረት» ሳይባል ይጀመራል፤ ወፏ ሽማግሌ ሳያውቃት ትናገራለች፤ ወረቀቱ ዕለት ዕለት ከሰማይ ይበተናል። የእኒያ አሮጊት ሦስት ጥያቄዎች ስለዚህ አላረጁም፤ እንዲያውም ከዚህ ቀደም ይህን ያህል ያስፈለጉበት ዘመን የለም። ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የተማርነውንም አራተኛ ጥያቄ ልንጨምርባቸው ይገባል፤ እርሱም ከተናጋሪው ይልቅ ወደ ሰሚው የሚመለስ ነው፦ «ይህ ነገር እውነት እንዲሆን የምሻው ለምንድን ነው?»

በግዕዝ ምስክር «ሰማዕት» ይባላል፤ ሥሩም «ሰምዐ» የሚለው፣ ማለት መስማትን የሚያመለክተው ግሥ ነው። ስለ እምነታቸው ደማቸውን ያፈሰሱትን በዚህ ስም ስንጠራቸው ኖረናል። አባቶቻችን ሰሚን ከምስክር ጋር በአንድ ስም ማሰራቸው መስማት ቀላል ነገር አለመሆኑን ያሳያል፤ ቃሉን ተቀብሎ ለሌላው ያሳለፈ ሰው ቢወድም ባይወድም መስክሯል። በቤተልሔም ያስመሰከረው ደቀ መዝሙር ወደ አገሩ ተመልሶ ጉባኤ ሲዘረጋ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ከእርሱ የተማረ ልጅ በሌላ ደብር «ከማን ሰማኸው?» ሲባል የሚጠራው ስም የእርሱ ነውና። እኛም ማታ በስልካችን የተቀበልነውን ቃል ለጎረቤት ከማሳለፋችን በፊት፣ ነገ በአንድ ምድጃ ዳር አያት ያንኑ ጥያቄ ሲያነሡ ልጁ የሚሰጠው መልስ «ከእገሌ» የሚል መሆኑን፣ ያም እገሌ እኛ መሆናችንን እናስብ።